ታር፣ ሲፒዮና የቀበሌው ስኳር

ሁሉም ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን ሞኝነቱን በአደባባይ ያስመርቃል ብዬ አምናለሁ። የእኔ የተመረቀው ሞጣ ላይ ነው፤ በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ከክፍለ ሀገር በመጡ እንግዶች ፊት፣ በሞቀ ጭብጨባ። አንባቢዎቼ፣ ያንን ቀንና የተከተለውን ልተርክላችሁ ነው። ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም።

ያኔ ጎረምሳ ነኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ፣ የጥቂት ወራት የኮምፒዩተር ኮርስ ወስጄ፣ ቢቸና ላለ አንድ የገጠር ጤና ፕሮጀክት ተመደብኩ። ፕሮጀክቱ በእርዳታ ያገኘው አንድ ኮምፒዩተር ነበረው፤ በጄኔሬተር የሚሠራ፣ ሲከፈት የሚያጓራ፣ በአውራጃው ውስጥ ወንድምም እኅትም የሌለው። የከተማው ሰው “ኢንጂነሩ” ይለኛል። ኢንጂነር አለመሆኔን አውቃለሁ፤ ግን ሰውን ማረም ነውር ነው እያልኩ እቀበላለሁ። ደረት ኪሴ ላይ አራት እስክሪብቶ እሰካለሁ፤ ሁለቱ ቀለም የላቸውም።

የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር እንደ ዛሬው በጣት ነክታችሁ የምታዙት አልነበረም። ጥቁር መስኮት ፊት ትቀመጣላችሁ፣ ትእዛዛችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋላችሁ፣ እሱም የጻፋችሁትን ይፈጽማል፤ ልትጽፉ ያሰባችሁትን ግን አይደለም። እያንዳንዱ ሠራተኛ በውስጡ የራሱ ክፍል ነበረው። እንግሊዝኛው “ሆም” ይለዋል፤ እኛም “ቤት” አልነው። የሒሳብ ሹሙ ቤት አለው፣ ጸሐፊዋ ቤት አላት። ኮምፒዩተሩ የተበላሸ ቀን ቤቶቹ አብረው እንዳይጠፉ፣ በውስጣቸው ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ የእኔ ሥራ ነበር። ይህንን ጥቅል መጠባበቂያ እንለዋለን።

ከቤቶቹ ሁሉ ትልቁ የሲስተር ይመኙሻል ነበር። ሲስተር ይመኙሻል የደብረ ወርቅ ተወላጅ፣ በዕድሜ ከእናቴ ጥቂት የሚያንሱ ነርስ ናቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ክትትል የሳቸው ነበር። አንዳንዴ በበቅሎ፣ አንዳንዴ በላንድሮቨር የጁቤና ጉንደ ወይን ድረስ እየሄዱ፣ መድኃኒት የጀመረው ሰው ስንተኛ ወሩ ላይ እንደደረሰ በወረቀት ጽፈው ይመጣሉ። ከዚያ በሁለት ጣት ፊደል እየለቀሙ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያስገባሉ። የመድኃኒት ጥያቄ የሚዘጋጀው ከዚያ ፋይል ነው። ፋይሉ ውስጥ ለሌለ በሽተኛ መድኃኒት አይመጣም፤ የነቀርሳ መድኃኒት ደግሞ መሐል ላይ ከተቋረጠ በሽታው ብሶበት ይመለሳል። ሲስተር ይህንን ደጋግመው ነግረውኛል። እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ ስለ ታር አስብ ነበር።

ታርና ሲፒዮ ሁለት የመጠቅለያ መሣሪያዎች ናቸው። ሁለቱም ትእዛዝ ሲጻፍላቸው ቤቶቹን ጠቅልለው ዲስክ ላይ ያኖራሉ፤ ሲፈለግም ጥቅሉን ፈትተው ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ኮርሱን አብሮኝ የወሰደውና ሞጣ ቅርንጫፍ የተመደበው አስናቀ የሲፒዮ ሰው ነው። እኔ የታር። ሌሎች ጎረምሶች በኳስ ቡድን እንደሚጨቃጨቁት፣ እኛ ለስብሰባ በተገናኘን ቁጥር በዚህ እንጨቃጨቅ ነበር።

“ሲፒዮ ጥቅሉን ሲፈታ” ይለኛል አስናቀ፣ “ቦታው ላይ ከያዘው ይልቅ አዲስ የሆነ ፋይል ካገኘ አይነካውም። እዚህ ያለው ይበልጣል ብሎ ነግሮህ ያልፋል።”

“ወላዋይ ነዋ።”

“ጠንቃቃ ነው።”

“መሣሪያ ይሉኝታ ካወቀ ምኑን መሣሪያ ሆነ? ታርን እየው። ፍታ ካሉት ይፈታል። ማንም ይኑርበት ማንም፣ ቦታዬ ነው ብሎ ይገባል። ቆራጥ ነው።”

“ቆራጥ” በዚያ ዘመን ትልቅ ምስጋና ነበር፤ “ወላዋይ” ደግሞ ሰው የሚያስገመግም ስድብ። ከፖለቲካው የማውቀው ነገር አልነበረኝም፤ ቃላቱን ግን ከሬዲዮ ለቃቅሜ ለኮምፒዩተር አዋልኳቸው።

አንድ ቀን ፕሮጀክቱ ዋና ጽሕፈት ቤቱን ወደ ሞጣ እንዲያዛውር ታዘዘ። ጉዞው ሲቃረብ የሁሉንም ቤት በታር ጠቀለልኩ። ስጠቀልል እያንዳንዱን ፋይል ከነሙሉ አድራሻው አሰርኩት። ይህ ማለት ጥቅሉ ሲፈታ ሌላ ባዶ ቦታ ላይ አያርፍም፤ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ሰውዬው ወደሚኖርበት ቤት ነው። ለእኔ ይህ የታር ሌላው ጀግንነት ነበር።

“ልጄ፣ ይኸ ነገር መንገድ ላይ ቢወድቅስ?” አሉኝ ሲስተር።

“ዓባይ ውስጥ ቢገባ እንኳ ቤትዎን በደቂቃ እመልስልዎታለሁ።”

“ከቢቸና ሞጣ ስንሄድ ዓባይን አንሻገርም” አሉና ሻንጣቸውን ማሰር ቀጠሉ።

ኮምፒዩተሩ በላንድሮቨሩ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተኝቶ፣ እኔም አቅፌው ተጓዝን። ከጉንደ ወይን በኋላ ያለው መንገድ ጥርሳችንን ሲያንገጫግጨን ዋለ። ሞጣ ደርሰን ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ግን ምንም አልሆነም። የሁሉም ቤት እንደነበረ ነው። መጠባበቂያዬ ሳያስፈልግ ቀረ። እውነቴን ነው፣ ቅር አለኝ።

ሞጣ ላይ ሥራው ደራ። ሲስተር ለሳምንታት ገጠር ተመላልሰው አዳዲስ በሽተኞችን አስገቡ፣ የነባሮቹንም መረጃ አደሱ። ወረቀታቸው ጠረጴዛው ላይ ተቆለለ። እኔ ደግሞ የተቆለለ ወረቀት ሳይ የሥልጣኔ ጠላት ያየሁ ይመስለኛል።

“ሲስተር፣ ኮምፒዩተር ውስጥ የገባ ነገር ወረቀቱ ምን ይሠራልዎታል?”

“ይቀመጥ እንጂ።”

“ሁለት ቦታ ማስቀመጥ እኮ አለማመን ነው።”

“አላመንኩማ” አሉ።

እኔ ግን ጭቅጭቄን አላቆምኩም። በመጨረሻ ሰልችቷቸው “ውሰደው” አሉኝ።

በዚያ ጊዜ ስኳር በቀበሌው ኅብረት ሱቅ በኩል ለየቤተሰቡ ይታደል ነበር። ስኳር በመጣ ጊዜ መጠቅለያ አይገኝም፤ ስለዚህ ሱቁ ከየመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ወረቀት እየለመነ ይጠቀልልበታል። እኔም ቁልሉን ታቅፌ ለሱቁ ኃላፊ ለአቶ ውብሸት አስረከብኩ። ወረቀቶቹ ላይ የበሽተኞች ስም የለም፤ ሲስተር ምስጢር ለመጠበቅ የሚጽፉት በቁጥር ነው። እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ስሜ ተነሣ። “አርአያ የሚሆን ጓድ” ተባልኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ጎንበስ ብዬ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

እንግዶቹ የመጡት በዚያው ሰሞን ሐሙስ ጠዋት ነው። መሪያቸው የክፍለ ሀገሩ ተወካይ፣ ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ደጋግመው የሚወለውሉ ሰው ነበሩ። ሥራችንን ጎብኝተው ቅዳሜ ማለዳ ሲመለሱ የመድኃኒቱን ጥያቄ ይዘውልን እንዲሄዱ ነው የታሰበው። ከዚያ በኋላ የሚሄድ መኪና መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ አልነበረም።

ተወካዩ ኮምፒዩተሩን ዞር ዞር ብለው አዩና ጠየቁኝ። “ጓድ፣ ይህ ነገር ቢቃጠል ሥራው ሁሉ ጠፋ ማለት ነው?”

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። ዲስኮቹን ከመሳቢያ አወጣሁ። “አይጠፋም ጓድ። የሁሉም ቤት እዚህ ውስጥ አለ።”

“እስቲ በተግባር አሳየን።”

አስናቀ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። “ተው። ይኸ እኮ የቢቸናው ነው፣ አሮጌ ነው። ቆይ፣ መጀመሪያ አሁን ያለውን በሲፒዮ ልጠቅልለው።”

“ሰው ፊት አታዋርደኝ” አልኩት በሹክሹክታ። “ቁጭ በልና ታርን እይ።”

ትእዛዙን ጻፍኩ። የፋይሎቹ ስም በመስኮቱ ላይ ተከታትሎ መውረድ ጀመረ፤ የሒሳብ ሹሙ፣ የጸሐፊዋ፣ የሲስተር። እንግዶቹ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ። ዲስክ እየቀያየርኩ ጨረስኩና ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሣሁ። ተወካዩ ማጨብጨብ ሲጀምሩ ቤቱ በሙሉ ተከተላቸው። አስናቀ ብቻ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

“አሁን ደግሞ” አሉ ተወካዩ፣ “ሲስተር የሞጣንና የጉንደ ወይንን በሽተኞች ሁኔታ ያሳዩን።”

ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። በሁለት ጣታቸው ለቀሙ። ቆሙ። እንደገና ለቀሙ።

“የለም” አሉ።

“ምኑ?” አልኩ።

“የሞጣው። ከቢቸና ከመጣን ወዲህ ያስገባሁት በሙሉ የለም።”

ታር የታዘዘውን አድርጓል። የቢቸናውን አሮጌ ፋይል ከነአድራሻው ይዞ ሄዶ፣ አዲሱ ፋይል ላይ ተቀምጦበታል። በር አላንኳኳም፣ ማን አለ ብሎ አልጠየቀም። ቆራጥነቱን በዓይኔ አየሁት። ሞጣ ከገባን ወዲህ የወሰድኩት ሌላ መጠባበቂያ ደግሞ የለኝም፤ በቢቸናው ስኩራራ ጊዜ አላገኘሁም።

“ይህ የትርኢቱ አካል ነው?” አሉ ተወካዩ።

አዎ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ሲስተር ቀደሙኝ። “ወረቀቱስ?” አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

“ሱቅ ነው” አልኩ። “ከስኳሩ ጋር።”

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። “ይኸውልህ ልጄ፣ እነዚያ ወረቀቶች ላይ ያሉት ሰዎች እጃቸው ላይ ያለው መድኃኒት ሊያልቅ ነው። አዲሱ ካልመጣላቸው ያቋርጣሉ። ካቋረጡት የሚሞት አለ። ሁሉንም ዞሬ እንደገና ልጠይቅ ብል ሳምንታት ይፈጅብኛል፤ መኪናው ቅዳሜ ነው።”

ሌላ ቀን ቢሆን በሒስና በግለ ሒስ ይበጣጥሰኝ ነበር ያ ስብሰባ። ተወካዩ ግን መነጽራቸውን ወልውለው “ለሒሱ ጊዜ አለ፤ ተነሡና ወረቀቱን ፈልጉ” አሉ። ሰውዬውን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ሦስታችን፣ ማለትም ሲስተር፣ አስናቀና እኔ፣ ወደ ኅብረት ሱቁ ገሠገሥን። አቶ ውብሸት ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። “ኢንጂነር፣ ያንተ ወረቀት ለስኳር እንዴት ያለ መሰለህ። ወፈር ያለ፣ የማያፈስ። ሦስት ቀን ሙሉ በሱ ነው ያደልኩት።” ከቁልሉ የቀሩት ጥቂት ወረቀቶች ነበሩ። ሌላው በሞጣ ቤቶች ውስጥ ተበትኗል። ደግነቱ እደላው በተራ ስለሆነ አቶ ውብሸት ማን ማን እንደወሰደ ያውቃሉ።

እንግዲህ የሁሉንም ቤት በደቂቃ እመልሳለሁ ያልኩት ሰውዬ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። በመጀመሪያዎቹ ቤቶች ተሳካልን። ወሬው ግን ቀድሞን መንገዱን ሞላው፤ “መንግሥት ስኳሩን መልሶ ሊወስድ ሰው አሰማርቷል” ተባለ። በሮች ተዘጉ። እኔ እስክሪብቶዬን ደርድሬ “ከፕሮጀክቱ ነው” ስል ይባስ ይቆለፋሉ። ሲስተር ወደ ኋላ እንድሆን አዘዙኝና እሳቸው ከፊት ሆኑ። ከዱሮ ጀምሮ ለክትባት ሞጣ ይመላለሱ ስለነበር፣ እሳቸውን የማያውቅ፣ በእጃቸው ልጁን ያላስከተበ ሰው የለም። በሮቹ ተከፈቱ። ሞጣ ላይ ደግሞ ደጃፍ ቆሞ ወረቀት መጠየቅ የለም፤ ትገባላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ የከብቱም የልጁም ደኅንነት ይጠየቃል፣ የቀረበው ይቀመሳል፣ ከዚያ ነው ጉዳይ የሚነሣው። እኔ በየቤቱ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ እግሬን ሳንቀጠቅጥ ዋልኩ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ እናት ቤት ስንገባ ገና ሳንናገር “ስኳሩን ልጆቹ ጨርሰውታል” አሉን።

“ስኳሩን አይደለም እሜቴ፣ የተጠቀለለበትን ወረቀት ነው” አሏቸው ሲስተር።

“ወረቀቱን? መንግሥት ወረቀት እንኳ አጣ?” አሉና ወደ ግድግዳው አመለከቱን። ወረቀቱ በዱቄት ሊጥ ተለጥፏል፤ የተጻፈበት ፊት ወደ ውጭ ሆኖ። “እንዲያምር ብዬ ነው” አሉ። በእርግጥም ያምር ነበር። ሲስተር ግድግዳው ፊት ቆመው ቁጥሩን አንድ በአንድ ሲያነቡ፣ አስናቀ ጻፈ፣ እኔ ሕፃን ያዝኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ የቅኔ መምህር ቤት ደረስን። የኔታ ወረቀቱን አልጠቀሙበትም። ስኳሩን ገልብጠው፣ ወረቀቱን በእጃቸው አቃንተው መጽሐፍ መሐል አኑረውታል።

“የተጻፈበት ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ አልወድም” አሉን። “ዳሩ ምን እንደሚል አልገባኝም። ቁጥር ብቻ ሆነብኝ። ምንድን ነው እሱ?”

“ሰዎች ናቸው የኔታ” አሉ ሲስተር። “እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሰው ነው። መድኃኒት የሚጠብቅ።”

የኔታ ወረቀቱን እንደገና አዩት። ከዚያ ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ለሲስተር ሰጧቸው። እሳቸው የማያውቁትን ሰው ቁጥር መጽሐፍ መሐል ሲያኖሩ፣ እኔ ሰዎቹን በሸክም ወስጄ ለመጠቅለያ ሰጥቻለሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምፈራው ለራሴ ነበር፤ ሥራዬን እንዳላጣ፣ አስናቀ እንዳይስቅብኝ። የኔታ ቤት ውስጥ ግን አፈርኩ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲስተር ወረቀቶቹን ጭናቸው ላይ ደርድረው ቆጠሩ። “አንድ ይጎድላል” አሉ። “የጉንደ ወይኑ።” የአቶ ውብሸትን ደንበኞች በሙሉ አዳርሰናል። የቀረ ቤት የለም። አስናቀ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሲስተር ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ውለው እግራቸው አብጧል። የተከራየኋት ክፍል ቅርብ ስለነበረች፣ ሌላ የምክስበት ነገር ቢጠፋኝ “ገብታችሁ ሻይ ላፍላላችሁ” አልኳቸው።

ገባን። ሻዩን አፈላሁ። ስኒ አቀረብኩ። ሲስተር ስኳር ፈልገው እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ዘረጉ። ጥቅልሉን አነሡ። ሻዩን ልቀዳ ዞር አልኩ።

የስኳሩን ጥቅልል በሁለት እጃቸው ይዘው በመደርደሪያው አጠገብ ቆመዋል። አርአያ የሆንኩ ጓድ ስለሆንኩ፣ አቶ ውብሸት ከሁሉ በፊት አስቀድመው ለእኔ ነበር የሰጡኝ፤ በትልቅ ወረቀት፣ ሞላ አድርገው። ከዚያ ጥቅልል ጠዋት ጠዋት እየጨለፍኩ ስጠጣ ሰንብቻለሁ። በመላው ሞጣ ያልተፈተሸው ቤት የእኔ ብቻ ነበር።

ሲስተር ስኳሩን ሳህኔ ላይ ገለበጡት። ወረቀቱን አራግፈው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። የጉንደ ወይን ነው። ያን ጊዜ ሣቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ፣ ወገባቸውን ይዘው ሣቁ። አስናቀም ተከተላቸው። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ መሐላቸው ቆሜያለሁ።

“በል ቅዳ” አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “ለአንተ ግን ያለ ስኳር።”

ጥያቄው እዚያው ክፍሌ ውስጥ በእጅ ተጻፈ። በኮምፒዩተር ልጻፈው ብዬ ልጀምር ስል ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ፤ ተውኩት። ቅዳሜ ማለዳ ተወካዩ ፖስታውን ተቀብለው ሄዱ።

ሒሱ አልቀረልኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስሕተቴን ዘረዘርኩ፤ ታርን ሙሉ አድራሻ አስይዤ መጠቀሜን፣ የሲፒዮን ምክር አለመስማቴን። ሰብሳቢው በጥሞና አዳምጠው “ታር የየት አገር ሥሪት ነው?” አሉኝ።

“የአሜሪካ።”

“ታዲያ ምን ጠብቀህ ነበር?”

አስናቀ እጁን አወጣ። “ሲፒዮም የአሜሪካ ነው፣ ጓድ።” ስብሰባው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

አንባቢዎቼ፣ ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። ታርን አልተውኩትም፤ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ያዘዝኩትን ነው የፈጸመው። ግን ከዚያ ወዲህ ሙሉ አድራሻ አስይዤ የጠቀለልኩት ነገር የለም፤ ጥቅልም ስፈታ መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ ፈትቼ አያለሁ። የምትሠሩበት ነገር ካለ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። መጠባበቂያ መያዝ ቀላል ነው፤ ሲመለስ ማን ላይ እንደሚቀመጥ ማወቅ ነው ከባዱ። ቀለም የሌላቸውን እስክሪብቶዎች ጣልኳቸው። “ኢንጂነር አይደለሁም” ብዬም መናገር ጀመርኩ፤ የሰማኝ ግን የለም፤ ከሞጣ እስክወጣ ድረስ ኢንጂነሩ ነበርኩ።

መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ሲስተር ጉንደ ወይን ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ሰዎቹ ክሊኒኩ ፊት ለፊት ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሲስተር በቁጥር ይጠራሉ፤ የተጠራው እየተነሣ ይቀበላል። አንዱን ቁጥር ሲጠሩ ደነገጥኩ፤ አውቀዋለሁ። ጥቅልሉ ላይ ወደ ውጭ የወጣው ቁጥር እሱ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሻዬን ሳማስል ፊት ለፊቴ ነበረ። አንድ ከሲታ ሰው ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። መድኃኒቱን ተቀብሎ በአጠገቤ ሲያልፍ “እንደምን ዋልክ ልጄ” አለኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁት።

ይኸው እስከ ዛሬ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ሐኪም ከልክሎት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነሱን አላርማቸውም።